ሾፌር የሌለው ታክሲ ለገበያ የቀረበበት ታሪክ

ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን። በ2004 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል በሞሃቪ በረሃ ሾፌር የሌላቸውን መኪናዎች ባወዳደረ ጊዜ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው መንገድ ብልጫ ያገኘችው መኪና የሄደችው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። በዓመቱ ግን አምስት መኪናዎች ጨረሱ። ከጉግል የወጣው ዌይሞ በ2018 በፊኒክስ ከተማ አጠገብ ሕዝብን በክፍያ ማመላለስ ጀመረ፤ ተጠባባቂው ሰው ከመሪው ላይ የተነሣበት ታክሲ ለማንኛውም ተሳፋሪ የተከፈተው በ2020 ነው።

እኛን ይልቁንም የሚያሳስበን በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ነው። በኦገስት 2023 የካሊፎርኒያ ኮሚሽን ዌይሞና የጄኔራል ሞተርስ የሆነው ክሩዝ ቀንና ሌሊት በክፍያ እንዲሠሩ ፈቀደ። በኦክቶበር 2 ቀን ሌላ መኪና የገጫት እግረኛ በክሩዝ ታክሲ ፊት ወደቀች። ታክሲው መትቷት ቆመ፤ ዳር ልያዝ ብሎ እንደገና ተነሣና ሴቲቱን 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ሰው ቢነዳው ኖሮ ወርዶ ሳያይ ባልተነሣ ነበር እንላለን። ይሁን እንጂ ማሽኑ ባያውቅም፣ መጎተቷን እያወቁ ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት ውስጥ ያስቀሩት ሰዎች ናቸው። ፈቃዱ በዚያው ወር ታገደ፤ በኖቬምበር 2024 ክሩዝ ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ በተከታዩ ወር ጄኔራል ሞተርስ ለታክሲው ሥራ ገንዘብ መስጠቱን አቆመ።