ቡሳ ጎኖፋ፦ ከጎሳ ጉባኤ እስከ ባንክ ሒሳብ ቁጥር

በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ከብቱ በድርቅ ወይም በዘረፋ ያለቀበት አባወራ ችግሩን ለጎሳው ጉባኤ ያቀርባል። ሽማግሌዎች ከብቱ በምን እንዳለቀ ይመረምራሉ፤ በመጠጥ ወይም በግዴለሽነት ያጠፋ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። የተፈረደለት ግን ከጎሳው አባላት እንደየአቅማቸው ላምና ጊደር ይዋጣለታል። ቡሳ ጎኖፋ ይኸው ነው። ዳባሬ ደግሞ ውሰት ነው፦ ወተቱ የተቀባዩ፣ ጥጃው የባለቤቱ።

ሥርዓቱ አዋጪው ራሱ ከብት እስካለው ድረስ ይሠራል፤ ደካማ ጎኑም እዚህ ላይ ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ሰጪም ተቀባይም እኩል ተጎዱ። ያኔ የእርዳታ ጥሪው ከነገሌና ከያቤሎ ከተሞች አልፎ ሄደ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሮች በፌስቡክና በቴሌግራም ተሰራጩ፤ ዳያስፖራውም በኢንተርኔት አዋጣ። የኦሮሚያ ክልል በበኩሉ ቡሳ ጎኖፋን ከአባላት መዋጮ የሚሰበስብ ክልላዊ ተቋም አድርጎታል።