የተሰወረ ሕመም፦ ወንዶችና የጡት ነቀርሳ በታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ይህ ቃል ለሕመምተኛው የተነገረ ተግሣጽ ሆኖ ኖሯል። ዳሩ ግን በሽታው ራሱ የሌላ ሰው ነው ተብሎ ሲታወቅ፣ ጥፋቱ የሕመምተኛው ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዛሬ በብዙዎች አፍ ካንሰር የሚባለው የጡት ነቀርሳ ከወንዶች ጋር ያለው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንሻለን።

የነገሩ መነሻ ግብፅ ነው። በ1862 ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በሉክሶር ከተማ በገዛው የፓፒሩስ ጥቅል ላይ 48 የሕመምና የጉዳት ዓይነቶች ተዘርዝረው ተገኙ። ጥቅሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ ከእርሱም ከሚቀድም ጽሑፍ የተገለበጠ ነው። ጄምስ ሄንሪ ብሬስተድ ተርጉሞ በ1930 ባሳተመው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ 45ኛው ክፍል በጡት ላይ ስለሚወጣ፣ ሲዳሰስም ስለሚቀዘቅዝ እባጭ ይናገርና ሕክምና የለውም ብሎ ይደመድማል። ሕመሙ በእርግጥ ነቀርሳ ስለመሆኑ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ሕመምተኛውን በተባዕት አንቀጽ መጥራቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የጥንቱ ሐኪም ይህ የሴት ሕመም ነው ብሎ አልለየውም።

በኋለኛው ዘመን ግን በሽታው የሴት ተባለ። ለዚህም ምክንያት አልታጣም፤ ከመቶ የጡት ነቀርሳ ሕመምተኞች መካከል ወንዱ አንድ እንኳ አይሞላምና። ሆኖም ጥቂት መሆን ጨርሶ ካለመኖር ጋር ተምታታ። ወንድም ከጡቱ ጫፍ በታች ጥቂት የጡት ሥጋ አለው። ሥጋው ጥቂት በመሆኑም እባጩ ቆዳውንና የደረቱን ጡንቻ ለመንካት ሩቅ አይሄድም። ሕመምተኛው ግን ምታት ነው፣ ብጉር ነው እያለ ጊዜውን ያሳልፋል። ስለዚህም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ወደ ብብታቸው ንፍፊት ከተሻገረ በኋላ ሆነ።

የሕክምናው ታሪክም የራሱ መከራ አለበት። ዊልያም ሆልስቴድ በ1894 በስፋት ያስተዋወቁት ቀዶ ሕክምና ጡቱን ከደረት ጡንቻና ከብብት ንፍፊት ጋር ጠራርጎ የሚያወጣ ነበር፤ ወንዶችም በዚሁ ቢላዋ ሥር አለፉ። በ1942 ደግሞ ፋሮው እና አዴር የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሐኪሞች፣ ነቀርሳው ወደ አጥንቱ የተዛመተበት ወንድ ቆለጡ በቀዶ ሕክምና ሲወጣለት የአጥንቱ ጉዳት ማገገሙን ገለጡ። በሽታው በሆርሞን የሚመገብ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ነገር ግን ዕድሜው የሚራዘመው ወንድ የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ መናገር አያሻም። ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ1977 ከተፈቀደ በኋላ ያን ቀዶ ሕክምና ቀስ በቀስ ተካው። ሆኖም መድኃኒቶቹ በአመዛኙ የሚፈተኑት በሴቶች ላይ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ወንዶችም በፈተናው እንዲካተቱ የሚያሳስበውን መመሪያ ያጸደቀው በ2020 ነው።

ሕግም ቢሆን ስሙን ተከትሎ ሄዷል። በ2011 በደቡብ ካሮላይና አንድ የ26 ዓመት ወጣት የጡት ነቀርሳ ተገኘበት። ነገር ግን በ2000 የወጣው የጡትና የማሕፀን በር ነቀርሳ ሕክምና ሕግ ለሴቶች ብቻ የተደነገገ ስለነበረ የመንግሥቱን የሕክምና ድጎማ ተከለከለ። ያ ወጣት በሽታውን አልደበቀም፤ የተዘጋበት በሩ ነው።

በዚህ መካከል ዝምታውን የሰበሩ ሰዎች ተነሡ። በ1971 «ሻፍት» በተባለው ፊልም የወንድነት ምሳሌ ተደርገው የታዩት ሪቻርድ ራውንድትሪ በ1993 ሕመሙ ሲገኝባቸው ለዓመታት ከሕዝብ ሸሽገው ከቆዩ በኋላ ገልጠው ተናገሩ። በ1966 በሕዝብ ድምፅ የመጀመሪያው ጥቁር የአሜሪካ ሴናተር ሆነው የተመረጡት ኤድዋርድ ብሩክ፣ በ2002 ታመው ሁለቱም ጡቶቻቸው ከወጡ በኋላ፣ በ2003 ወንዶች ደረታቸውን እንዲመረምሩ በአደባባይ መከሩ። እርሳቸውም እስከ 2015 ድረስ ኖረው በ95 ዓመታቸው ዐረፉ።

በ2019 ሕመማቸውን የገለጡት ማቲው ኖውልስ፣ የዘፋኟ የቢዮንሴ አባት፣ ነገሩን ወደ ልጆቻቸው አዞሩት። በ1995 ተለይቶ የታወቀው ብራካ ሁለት የተባለው ዘረ መል ጉድለት ሲኖርበት ለበሽታው ያጋልጣልና፣ እርሳቸውም ጉድለቱን ተሸካሚ ነበሩ። እንዲህ ያለ አባት ጉድለቱን ለያንዳንዱ ልጁ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እንግዲህ አባት ዝም ሲል የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም፤ ልጁም አስቀድማ የምትመረመርበትን ጊዜ ታጣለች።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቻችን የምናሳስበው ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ወንድ በጡቱ ጫፍ ሥር የማያሳምም እባጭ ይዞ ሲመጣ ሸሚዙን አስወልቀን ብብቱን ጭምር እንዳስሰው፤ ከእናቱም ከአባቱም ወገን ማን እንደታመመ እንጠይቀው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ባይገኝለትም፣ የጠያቂው ዝምታ ከሕመምተኛው ዝምታ ጋር እንዳይተባበር መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።