ቅጠሉን ገልጦ መግዛት

ኢዲዶ ሲባል ሰው ቡና ያስባል። በጌዴኦ ምድር፣ ይርጋጨፌ ወረዳ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ያለች ቀበሌ ናት፤ ስሟ በቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ባሕር ተሻግሯል። የተወለድኩባት ስለሆነች ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቡናው ስም ከማውጣቱ በፊትም ሆነ ካወጣ በኋላ ከኢዲዶ ወደ ገበያ የሚወርድ ሌላ ነገር ነበር፦ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በእንሰት ልጥ ታስሮ፣ በሴት ጀርባ የሚጓዝ ቆጮ። ስለ ቆጮ የሚጻፈው አብዛኛው ከአምራቹ በኩል ነው፤ ስለ ጓሮው፣ ስለ ተክሉ፣ ስለሚብላላበት ጉድጓድ። እኔ ግን እናቴ ጉልት ላይ ተቀምጣ ስትሸጥ ከጎኗ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከፊቴ የነበሩት ገዢዎቹ ናቸው። የዚህ ምግብ ጥራት ከትውልድ ትውልድ የተጠበቀው በፋቂዋ እጅ ብቻ ሳይሆን በገዢዋም እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዋቂ ገዢ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ቆጮውን ሳይሆን ቅጠሉን ነው። ቅጠሉ ለምለም ከሆነ እሽጉ የዛሬ ነው፤ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ከተኮማተረ ካለፈው ገበያ የተመለሰ ነው። ከዚያ ቁጭ ትላለች። ቆማ የምትገዛን ሴት እናቴ አታምንም ነበር፤ «ቸኩላለች፣ ነገ ትመልሰዋለች» ትል ነበር። ገዢዋ እስሩን ፈትታ፣ ቅጠሉን ገልጣ፣ ከላይ ሳይሆን ከመሃል ቆንጥራ ታወጣለች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መካከል ታሸዋለች፣ ትስበዋለች፣ ታሸታለች፣ መጨረሻ ላይ በጭብጧ ትጨምቀዋለች።

እያንዳንዱ ነገር የራሱ ምክንያት አለው። ስትስበው የምታነበው የፋቂዋን ሥራ ነው። እንሰት ሲፋቅ ሴትየዋ ግንዱን ልጣጭ በልጣጭ ለይታ ባጋደመችው እንጨት ላይ ትዘረጋና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ሥጋውን ከቃጫው ትለያለች። የቸኮለች ወይም የደከመች ከሆነ ቃጫው አብሮ ይቀራል፤ ጣት ላይ እንደ ክር ይጎተታል። ሽታው የጉድጓዱን ታሪክ ይናገራል። ጉድጓዱ በቅጠል በደንብ ተለብጦ፣ ከላይ በድንጋይ ተጭኖ፣ አየር ሳያገኝ ከቆየ ቆጮው ሽታው ኮምጣጣ ግን ንጹሕ ነው። አየር ከገባበት ሌላ ሽታ ያመጣል፤ ያን የሚያውቅ አፍንጫ አይታለልም። ቀለሙ ደግሞ ከየትኛው የእንሰቱ ክፍል እንደመጣ ያሳያል፤ ከውስጠኛው ልጣጭ የተፋቀው ይነጣል፣ ከውጭኛው የተፋቀው ይጠቁራል። ጭመቃው ለሚዛን ነው። ውሃው ሳይወጣ የተሸጠ ቆጮ ይከብዳል፤ ገዢዋ ቤቷ ገብታ ስትጨምቀው ግማሽ ገንዘቧ ወደ አፈር ይፈሳል።

ከእጅ በኋላ ጥያቄ ይመጣል። «ከየት ነው?» ከቡሌ ደጋ የወረደ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ብርዱ መብላላቱን ስለሚያዘገየው የደጋ ቆጮ ወራት ይቆያል፣ የቆየ ደግሞ ይፈለጋል። እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን፣ የወይና ደጋ፤ የደጋው ስም የለንም። እናቴ ስለዚህ ጉድጓዷን ቶሎ ከፍታ መሸጥ አትወድም ነበር፤ ለጋ ቆጮ ለማያውቅ ሰው ሸጦ ማምለጥ ይቻላል፣ ለሚያውቅ ግን አንዴ ከሸጡ ስም ይሄዳል። ቀጥሎ ዘሩ ይጠየቃል፤ ጋንቲቾ ነው ወይስ አስታራ። በመጨረሻም ምርቃት። ገዢዋ ዋጋውን ከፍላ እንኳ እጇን ከእሽጉ ላይ አታነሳም፤ «እማማ፣ ምርቃቱስ?» ትላለች፣ እናቴም አንድ ጭብጥ ትጨምራለች። ያ ጭብጥ ለእናቴ ትርፍ አልነበረውም፤ ግን ምርቃት ያገኘች ሴት ሌላ ጉልት አትሄድም።

ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። እንሰቱ ጥንታዊ ነው፤ ገዢው ግን በአንጻሩ አዲስ ነው። ጌዴኦ ምድር ላይ ለየቤቱ የራሱ እንሰት፣ ለየቤቱ የራሱ ጉድጓድ ነበረው፤ ሁሉም ያለውን ነገር ለማን ይሸጡታል? የቆጮ ገዢ የሚፈጠረው ጓሮ የሌለው ሰው ሲኖር ነው፤ ጓሮ የሌለው ሰው ደግሞ የመጣው ከከተማ ጋር ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ከያዘ በኋላ ሰፋሪው መጣ፣ የገባር ሥርዓት ተተከለ፣ ቡና የገንዘብ ሰብል ሆኖ ተስፋፋ። ዲላም የቡና መሰብሰቢያ፣ የነጋዴና የመንገደኛ ከተማ እየሆነች አደገች። አያቴ ስለ ገባር ዘመን ስትናገር ቆጮን እንደ ሸቀጥ አታነሳውም ነበር። የምታነሳው ለሌላ ሰው ቤት ስለተሸከሙት እህልና ስለፈጩት ነው፤ ቆጮው ግን ለራሳቸው የቀረላቸው ነገር ነበር፣ ጌታው ስለማይበላው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከሰሜን የመጡት ሰዎች ለእንሰት እንግዳ አልነበሩም። ኮባ ብለው ያውቁታል፤ ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ቅጠል ምን ድፎ ዳቦ ይሆናል? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ተክሉን ጎንደር አካባቢ አይቶታል፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ውስጥ ሥዕሉን አስገብቷል። እነዚህ ሰዎች ቅጠሉን ለዳቦ መጋገሪያ እየቆረጡ ግንዱን ትተውት ኖረዋል። ዲላ ሲደርሱ ያዩት ነገር የቅጠሉ ባለቤት ራሱ ምግብ መሆኑን ነው፤ እሱን ለመቀበልም ዕድሜ ፈጀባቸው።

እኔ በደርግ ዘመን ልጅ ሆኜ ያየኋቸው ገዢዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ። ከሁሉ ፈታኞቹ ጉራጌዎች ነበሩ። እነሱ ከእንሰት አገር የመጡ ናቸው፤ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ሚስት ፊት ቆጮ ማቅረብ እንደ ፈተና ነበር፣ እናቴም እሷ ስትመጣ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። ሁለተኛዎቹ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ናቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት አፍንጫቸውን በነጠላ ይይዛሉ፣ በሁለተኛው ለክትፎ ትንሽ ይገዛሉ፣ ሚስት አርሳ ጎረቤት የቡላ ገንፎ ካበላቻት በኋላ ግን ቤተሰብ ይሆናሉ። በዱቤ የሚወስዱትም እነሱ ነበሩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የማንን ዕዳ ከማን ሳታቀላቅል እስከ ወር መጨረሻ በጭንቅላቷ ትይዝ ነበር። ሦስተኛዎቹ በሞያሌ መንገድ የሚያልፉ ሾፌሮች ናቸው። እነሱ አይገልጡም፣ አያሸቱም፤ «ጥሩውን ስጪኝ እናቴ» ብለው ይሄዳሉ። እናቴ ለእነሱ ከሁሉ የተሻለውን ትሰጥ ነበር፤ ያመነሽን ሰው ማታለል ከባድ ኃጢአት ነው ብላ።

በየዘመኑ የደረሰው መከራም ጉልቱ ላይ ይታይ ነበር። በ1952 ዓ.ም የጌዴኦ ገበሬ በባለርስቶች ላይ ተነሥቶ ሚጪሌ ላይ ብዙ ሰው ሲወድቅ፣ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች ብቻ ነበሩ ይባላል፤ አያቴ የምትናገረው ነው። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ገበሬው የእንሰቱም የቡናውም ጌታ ሆነ፤ እናቴ ለራሷ ብላ ቆጮ ይዛ ገበያ የወጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1977 ዓ.ም ሰሜኑ በረሃብ ሲያልቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቆጮ ያለው አገር እንደዚያ አላለቀም። እኔ ግን ከሁሉ የማልረሳው 2010ን ነው። በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጌዴኦዎች ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሰፍሩ፣ ገበያው ላይ አዲስ ገዢዎች መጡ። እርዳታ የሚሰጣቸው እህል ነበር። በእጃቸው ያለው ሳንቲም ትንሽ ነው፤ እጃቸው ግን የባለሙያ እጅ ነው። ቅጠሉን ገልጠው ሲቆነጥሩ፣ ሲስቡ፣ ሲያሸቱ እያንዳንዳቸው ጥለውት የመጡት ጉድጓድ እንዳላቸው ያስታውቃል። ሻጮቹም ያን ጊዜ ምርቃቱን ከዋጋው በላይ አደረጉት።

ይህ ገልጦ የመግዛት ነገር የእኛ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ከእህቴ ነው። ሲያትል ትኖራለች። ለበዓል ድፎ ዳቦ ስትጋግር ኮባ ከየት ታምጣ? የሚቀርበው የሙዝ ቅጠል ነው፤ ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸውና። የሙዝ ቅጠል የሚሸጡት ደግሞ ቬትናሞች ናቸው፤ በሬኒየር ቫሊ ሠፈር የእኛ ሰዎችና እነሱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከሱቁ ማቀዝቀዣ ቅጠሏን ስታወጣ ከጎኗ የተሰለፉ ሴቶች በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ግንድ ድብልብል ያለ ነገር ሲቀበሉ ታያለች። ቻ ሉዋ ይባላል፦ ትኩስ የአሳማ ሥጋ እስኪልም ተወቅጦ፣ ከዓሣና ከጨው በሚብላላ መረቅ ተለውሶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ። እህቴ አሳማ አትበላም፣ ስለዚህ የምትነግረኝ ስለ ገዢዎቹ ነው። ይጫኑታል፣ ያሸቱታል፤ መልሶ የሚገፋ ካልሆነ አይወስዱም። ሲቆርጡት ፊቱ ላይ ደቃቅ ቀዳዳዎች ከታዩ ሥጋው ትኩስ ሆኖ ተወቅጧል ይላሉ። የቅጠሉ ሽታ ሥጋው ውስጥ መግባት አለበት። እሷ ስትነግረኝ እናቴን ጉልት ላይ ያየኋት መሰለኝ።

ስለ ቻ ሉዋ ኋላ ያነበብኩት ነገር ሐሳቤን አጠናከረው። ሃኖይ አጠገብ ኡክ ሌ የሚባል መንደር በዚህ ሙያ ስመ ጥር ነው፤ ሰዎቹ ወደየከተማው ተበትነው የሚሸጡትም በመንደራቸው ስም ነው፣ «ከቡሌ ነው» እንደሚባለው። ገበያው ሲሰፋና ገዢው ከሻጩ ሲርቅ ግን፣ ሥጋው ትኩስ ሳይሆን ጠንከር እንዲል ቦራክስ የሚጨምሩ መጡ። ቦራክስ ለሰው ጤና ጎጂ ስለሆነ የቬትናም መንግሥት ከምግብ ውስጥ ከልክሎታል። ልብ በሉ፣ ማጭበርበሪያው የተነጣጠረው ገዢዋ በምትጠቀምበት መለኪያ ላይ ነው፤ ጣቷ ስትጫን እንዲታለል።

በእኛ በኩል መለኪያውን የነጠቀን ፌስታል ነው። ከዓመታት ወዲህ ዲላ ገበያ ላይ ቆጮ ተመዝኖ፣ በፌስታል ታስሮ ይቀርባል። በኪሎ መሸጡን አልቃወምም፤ ሚዛን ከዓይን ግምት ይሻላል፣ እናቴም ብትኖር በወደደችው ነበር ብዬ አስባለሁ። ችግሩ የታሰረ ፌስታል ገዢዋ ፈትታ የማትቆነጥረው መሆኑ ነው። ውስጡ ያልበዋል፣ ሽታው ይታፈናል፣ ውሃው ወዴትም አይሄድም። ወጣት ገዢዎች ደግሞ ሰው ሁሉ እጁን የሚያስገባበት ምግብ አንገዛም ይላሉ። ተሳስተዋል ማለት አልችልም፤ መልስ የሚሻ ቅሬታ ነው።

መስከረም 2016 ዓ.ም ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እኔም እንደ ሌላው ሰው አልቅሻለሁ። የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች፣ በዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉት እንሰትና ቡና፣ ሽማግሌዎች የሚጠብቁት ደን፣ ሁሉም ይገባቸዋል። የገዢዋ እጅ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም፤ ጋንቲቾን ከአስታራ በጣቷ የምትለይ ሴት ስትሞት የሚጠፋው ነገር ድንጋይ አይደለም።

ቅጠሉ ወደ ገበያው እንዲመለስ ግን አሁን አንድ በር ተከፍቷል። በ2017 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ከተሞች ምን እንተካ እያሉ ሲጨነቁ የዲላ መልስ ጓሮዋ ውስጥ ቆሟል። ነገር ግን ቅጠሉ እንዲሁ ተቆርጦ አይጠቀለልበትም። ፍም ላይ ለብ ብሎ ካላለፈ ይሰነጠቃል፤ መሃል አጥንቱ ካልተላጠ አይታጠፍም፤ ሁለት ቅጠል ተደራርቦ ካልተነጠፈ ውሃው ያልፋል፤ የሚታሰርበት ልጥም ከደረቀው እንጂ ከእርጥቡ አይወሰድም። ይህን የሚያውቁ ሴቶች ገበያው ውስጥ ዛሬም አሉ፤ ልጆቻቸው ግን ፌስታል ይዘው ያደጉ ናቸው። የከተማው አስተዳደር ከቆጮው ተራ አጠገብ የተለበለበ ቅጠል ለሚያቀርቡ ሴቶች ቦታ ይስጥ፣ ቅጠሉም እንደ ማንኛውም ዕቃ ዋጋ ይውጣለት። ከቦታውም አጠገብ ቧንቧ ይተከል፤ ገዢዋ እጇን ታጥባ ቁጭ ብላ ትቆንጥር።