ባሮ፦ የመርከብ መንገድና የሕዝብ ማዕድ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ኢትዮጵያና ሱዳን ወሰን ሲነሣ ነው። ከአንቀጾቹ አንዱ ግን የባሮን ወንዝ ይመለከታል። በዚህ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ይሆን ዘንድ በኪራይ ፈቀዱ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ተግባር እንዳይውል ተወሰነ። ጣቢያው በኋላ የተቋቋመው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ በጋምቤላ ነበር።

ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና ጨርቅ አራግፈው፣ ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ በበቅሎና በሰው ሸክም የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ውሃው ሲጎድል ንግዱም ይቆማል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስትጐናጸፍ የኪራዩ ዘመን አበቃ።

የውሉ ጸሐፊዎች ባሮን እንደ መንገድ አይተው ዳርቻውን በሜትር ለኩት። ለነባሩ ሕዝብ ግን ወንዙ የዘመን መቁጠሪያና ማዕድ ነው። አኙዋክ ሙላቱ ሲሸሽ ደለል በተኛበት ዳርቻ በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ከወንዙም ዓሣ ያጠምዳል። ኑዌር ክረምት ሲገባ ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታ ቦታ ይወጣል፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ውሃው ለቆት ወደ ሄደው ለምለም ሜዳ ይመለሳል። አዞውና ጉማሬው በወንዙ፣ ወፉ በረግረጉና በዳርቻው ደን ይኖራሉ። ከባሮ በስተደቡብ በተዘረጋው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክም የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ ውሃና ሣር እየተከተለ ከደቡብ ሱዳን ይመላለሳል። የዚህ ሁሉ ኑሮ የቆመው ወንዙ በየዓመቱ ከዳርቻው ወጥቶ በመመለሱ ላይ ነው።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የውጭ ኩባንያ በዚሁ ምድር 100,000 ሄክታር ለእርሻ ተከራየ፤ ይኸውም ምኒልክ ከፈቀዱት 250 እጥፍ መሆኑ ነው። በ2011 ባሮ ሞልቶ በቆሎውን አጥለቀለቀው፤ ጥቂት ዓመታትም ሳይቆይ ውሉ ተሰረዘ። ኩባንያው እንደ ጉዳት የቆጠረው ያ ሙላት ግን ለአኙዋክ ገበሬ የመጪው ዘር መሬት ነው።

ስለሆነም በባሮ ላይ ግድብ፣ መስኖ ወይም ሰፊ እርሻ ለማቀድ የሚነሣ ባለሙያ ከሄክታሩና ከሜትሩ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሙላቱ ከቀረ በእርሱ የሚኖረው ሕዝብና አራዊት ወዴት ይሄዳል?