ቀለህ፦ በእሮጌ ያሸነፈች፣ በሕንድ ጋጣ የተሰነጠቀች

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከመቅደላ ከፍታ ተነስቶ ወደ እሮጌ ሜዳ ቁልቁል ወረደ። ታች የሚጠብቀው የጄኔራል ናፒየር ጦር ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ይዟል፤ አባቶቻችን በኋላ «ሰናድር» ያሉት ነው። ይህ ጠመንጃ በእውነተኛ ውጊያ ሲተኮስ የመጀመሪያው ነበር። ሲመሽ ከኢትዮጵያውያኑ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ወድቋል፤ ገብርዬም ከወደቁት አንዱ ነበር። ከእንግሊዞቹ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ብቻ ነው፤ ከእነሱም የሞቱት ሁለት።

ስለዚያ ቀን ሲወራ ሁሉም ስናይደርን ያነሳል። አንዳንዱ ሴባስቶፖልን ያነሳል፣ አንዳንዱ የቴዎድሮስን ብቸኝነት። ቀለህን የሚያነሳት ግን የለም። ነገሩን የወሰነችው ግን እሷ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስናይደር ራሱ እኮ የተለየ ብረት አልነበረም። እንግሊዞች በመጋዘን ያከማቹትን በአፈሙዝ የሚጎረስ አሮጌ ጠመንጃ ከኋላ ቆርጠው በር የሠሩለት ነው። አዲሱ ነገር በዚያ በር የምትገባው ጥይት ነበረች።

ከኋላ የሚጎረስ ጠመንጃ ሐሳብ ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ባሩዱ ሲነድ እሳቱና ጭሱ በኋላው ስንጥቅ እያፈተለከ የተኳሹን ፊት ይለበልባል። ብረትን ከብረት ጋር አግጥሞ ጭስ እንዳያልፍ ማድረግ ለዘመኑ ባለሙያ ፈተና ሆነ። መፍትሔው የመጣው ከናስ ነው። ናስ ግፊት ሲያገኝ ይለጠጥና የጠመንጃውን ውስጥ ግድግዳ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲያልፍ ትንሽ ይሰበሰብና በቀላሉ ተስቦ ይወጣል። መዝጋትና መልቀቅ፣ ሁለቱንም በሺዎች በሚቆጠር የሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ። በዚህ የተነሳ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተኩስ የነበረ ወታደር አሥር ጊዜ መተኮስ ቻለ። የገብርዬ ሰዎች የገጠሙት ይህን ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ የእሮጌዋ ቀለህ ገና ጥሬ ነበረች። በዉልዊች የመንግሥት ማምረቻ ኃላፊ የነበሩት ኮሎኔል ቦክሰር የነደፏት ስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከበታቹ የብረት መቀመጫ ተገጥሞለት ነው። ርካሽ ናት፤ ግን ትቀደዳለች። ይህ ድክመት በደንብ የታየው ከ17 ዓመት በኋላ በጎረቤታችን በሱዳን ነው። በጥር 1877 ዓ.ም. በአቡ ክሊያ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የእንግሊዞቹ ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃዎች እየተነከሱ አስቸገሩ። ጠመንጃው በተኩስ ሲግል ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ማውጫው መቀመጫዋን ብቻ ገንጥሎ ያመጣል፣ የቀረው ገላዋ ውስጥ ይቀራል። ወታደር ጦር እየተወረወረበት ቀለህ በቢላዋ ሲፈለቅቅ ማሰብ ነው።

ከዚያ ወዲያ እንግሊዝም ሌሎች አገሮች ቀድመው ወደ ገቡበት ስልት ዞረች፤ ከአንድ ወጥ ናስ ተስቦ የሚሠራ ቀለህ። ፈረንሳዮች ለ1874ቱ የግራ ጠመንጃቸው ይጠቀሙ የነበረው ይህንኑ ነው። «ፊዚ ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆኖ እስከ ዛሬ በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ ይኖራል። ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በዚያ ዘመን ጥይት የሚተኮስ ብቻም አልነበረም፤ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ገበሬው ጥይት ይዞ ወጥቶ ሌላ ነገር ሸምቶ ይመለሳል። ብር ቢያረጅ ብር ነው፤ ጥይት ግን ሲያረጅ ውስጡ ምን እንደሆነ ከላይ አይታይም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቀለህ የምትሠራው ከ100 እጅ ወደ 70 መዳብ፣ 30 ዚንክ ካለው ናስ ነው። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም ክብ ሆና ትቆረጣለች፣ ቀጥሎ እንደ ሲኒ ትጎደጉዳለች፣ ከዚያ በማሽን እየተገፋች ትረዝማለች። እዚህ ላይ አንጥረኞቻችን ከማንም መሐንዲስ በፊት የሚያውቁት ነገር ይመጣል፦ ናስ ሲቀጠቀጥ ይደድራል። ከልክ ባለፈ ሲደድር ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመሃሉ እሳት ይነካዋል፤ ሙቀቱ ውስጡ የተጨናነቀውን ቅንጣት ያላቅቀውና ናሱ እንደገና ይለዝባል። በፈረንጆቹ አፍ አኒሊንግ የሚሉት ይህ ነው። ከብረት ጋር እንዳይምታታ፦ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ቢነከር ይጠነክራል፣ ናስ ግን ቢነከርም ባይነከርም ልስላሴው አይለወጥም።

ጥበቡ ያለው የቱ ጋ ይለዝብ የሚለው ላይ ነው። አንገቷ እርሳሱን የምትይዝበት ስለሆነ ለዘብ ማለት አለባት። መቀመጫዋ ግን ግፊቱን የምትሸከም ናትና ደንድና መቅረት አለባት። መቀመጫው የለዘበ ቀለህ ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል፤ ያኔ የሚጎዳው የታለመበት ሳይሆን የያዘው ሰው ነው።

የዚህን ዋጋ ዓለም የተማረው በሕንድ ነው። የእንግሊዝ ጦር በዝናቡ ወራት ጥይቱን በፈረስ ጋጣዎች ያስቀምጥ ነበር። ዝናቡ አልፎ ሣጥኑ ሲከፈት፣ ማንም ያልተኮሳት፣ ማንም ያልነካት ጥይት ከአንገቷ ተሰንጥቃ ትገኛለች። ክስተቱ በየወቅቱ እየተመላለሰ ስለመጣ «የወቅት ስንጥቅ» የሚል ስም ወጣለት። ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ምክንያቱን ማግኘት ግን ጊዜ ወሰደ። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን ግልጽ አደረጉት። ከፈረሱ ሽንት አሞኒያ ይተናል፤ እርጥበት ይዞት ናሱ ላይ ያርፋል፤ አሞኒያ ደግሞ መዳብን ይበላል። ይህ ብቻውን ግን አይሰነጥቅም። የሚሰነጥቀው ቀለሟ ስትሳብና አንገቷ ስትጠብ በውስጧ የቀረ ውጥረት ሲኖር ነው። ውጥረቱ ከውስጥ ይጎትታል፣ አሞኒያው ከውጭ ይበላል፣ ናሱ መሃል ላይ ይሰጣል።

አንድ የጦር አዛዥ ሣጥን ቆጥሮ «ይህን ያህል ሺህ ጥይት አለኝ» ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ፣ የቆጠረው ዕቃ ውስጥ ውስጡን እያለቀ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። መዝገቡ አልዋሸም፤ ሣጥኑም አልጎደለም። መድኃኒቱ ሁለት ሆነ፦ ጥይትን ከጋጣ ማራቅና ቀለሟን በመጨረሻ በመጠኑ አሙቆ ውጥረቷን ማስለቀቅ። ሁለተኛው የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው።

የለዘበውና የደደረው ልዩነቱ ምን ያህል ነው ለሚለው ግን ዓይን አይበቃም፤ የጥይቱን ፍጥነት መለካት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚነሳው ሰው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ ጥይትን በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ ተኩሶ፣ እንጨቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ በመለካት ፍጥነቷን አሰላ። ውጤቱ ሊቃውንቱን አስደነገጠ፦ ንፉስ የሚባለው፣ ከምንም የማይቆጥሩት አየር ጥይትን ከገመቱት እጅግ በላይ ይገታታል። ታላቁ ኦይለር መጽሐፉን ወደ ጀርመንኛ መልሶ ማብራሪያ ጻፈበት። ሮቢንስ ኋላ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ምሽጎች ሊሠራ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1751 እዚያው ሕንድ ሞተ።

ቀጣዩ እርምጃ የቤልጂጉ የመድፈኛ መኮንን የለቡላንዤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የሠራው ክሮኖግራፍ ከውበቱ የተነሳ ቢተረክ አይሰለችም። ሁለት ዘንጎች በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዘው ተንጠልጥለዋል። ጥይቷ የመጀመሪያውን ሽቦ ስትበጥስ ረጅሙ ዘንግ መውደቅ ይጀምራል። ሁለተኛውን ስትበጥስ አጭሩ ይወድቅና ቢላዋ ያስፈነጥራል፤ ቢላዋውም በመውደቅ ላይ ያለውን ረጅም ዘንግ ይፈገፍገዋል። ምልክቱ ያረፈበት ቦታ ዘንጉ ምን ያህል እንደወደቀ፣ ያም ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ይናገራል። ሰዓት የለም፤ ሰዓቱ የምድር ስበት ነው። የብዙ አገር ጦር መሣሪያ መፈተሻዎች ይህንን ለረጅም ዘመን ተጠቅመዋል።

ዛሬ ይህ ሁሉ በአሜሪካ የተራ አነጣጣሪ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ፣ አንገቷን በእሳት አለዝቦ፣ እንደገና ባሩድና እርሳስ መሙላት እዚያ በሕግ የተፈቀደ የብዙዎች ሙያ ነው። መለኪያም ይመርጣሉ፦ ጥላ የሚያነበው ርካሹ ነው፣ ግን ፀሐይና ደመና ያሳስተዋል፤ አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው ብርሃን አይፈልግም፣ ክብደቱ ግን ጥይቷ የምታርፍበትን ቦታ ይለውጣል፤ ራዳሩ ጠመንጃውን ሳይነካ ከጎን ተቀምጦ ያነባል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ማለዘብ ፍጥነትን ያስተካክላል አያስተካክልም በሚለው አሁንም ይከራከራሉ፤ ሦስት ጥይት ተኩሶ የሚፈርድም ሞልቷል፣ ሦስት ጥይት ግን ምንም አያስረዳም። የቀለህን ዕድሜ እንደሚያረዝም ግን ብዙም አያከራክርም። ያልለዘበች አንገት በተደጋጋሚ ስትጠብና ስትለጠጥ ውላ አድራ ትሰነጠቃለች፤ ለዚያ አሞኒያም አያስፈልግም።

የጦር ሠራዊት ጥይት አንገት ላይ ወደ ሰማያዊና ቡናማ የሚያደላ የእሳት ጥላ ይታያል። ለሲቪል ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ያጥቡታል፤ ገዢው ዝገት ወይም ቆሻሻ መስሎት እንዳይመልሰው። ለአሜሪካ ጦር የሚመረተው ላይ ግን ጥላው ሆን ተብሎ ይተዋል፤ ዕቃውን የሚረከበው መርማሪ አንገቷ መለዘቧን በዓይኑ እንዲያይ ነው።