የድንጋይ ከሰል አፈጣጠር

የድንጋይ ከሰል በጥንት ዘመን በረግረጋማ ስፍራዎች ይበቅሉ ከነበሩ ዕፅዋት ቅሪት የተፈጠረ፣ ሊነድ የሚችል አለት ነው። እንጨት በአፈር ተዳፍኖ በቀናት ውስጥ ከሚመረተው የቤት ከሰል ጋር በስም ቢመሳሰልም፣ አፈጣጠሩ ሚሊዮኖች ዓመታትን ይጠይቃል።

በደረቅ መሬት ላይ የወደቀ ቅጠልና ግንድ ኦክስጅን ስለሚያገኝ በስብሶ ይጠፋል። ውሃ በተኛበት ረግረግ ግን ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ መበስበሱ ሳይጠናቀቅ ይቀርና፣ ቅሪቱ ፒት ወደሚባል ቡናማ ክምችት ይለወጣል። ፒት የሚከማቸው እጅግ በዝግታ፣ በብዙ ቦታዎች በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ከሰል እንዲለወጥ መሬቱ ቀስ በቀስ መስመጥ፣ ክምችቱም በጭቃና በአሸዋ መሸፈን ይኖርበታል። መስመጡ ከተፋጠነ ረግረጉ ሐይቅ ይሆናል፤ ከዘገየ ደግሞ ፒቱ ለአየር ተጋልጦ ይበሰብሳል። ወፍራም የከሰል ንብርብር በየስፍራው የማይገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

የተቀበረው ፒት ጥልቀቱ በጨመረ መጠን የደለሉ ክብደትና የከርሰ ምድር ሙቀት ውሃንና ጋዞችን እያስወጡ የካርበን ድርሻውን ያሳድጋሉ። በቅድሚያ ሊግናይት፣ ቀጥሎ ሰብ-ቢቱሚነስ፣ ከዚያም ቢቱሚነስ ይሆናል፤ የመጨረሻው ደረጃ አንትራሳይት ነው። ደረጃውን የሚወስነው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በተለይ ያገኘው ሙቀት ነው።

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ታዋቂ ክምችቶች በአብዛኛው ከ359 እስከ 299 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን የተፈጠሩ ናቸው። በኢትዮጵያ በያዩ፣ በደልቢ-ሞዬና በጭልጋ የሚታወቁት ግን እጅግ ወጣት ሲሆኑ፣ ከእሳተ ገሞራ አለቶች ጋር በተያያዙ የሐይቅና የወንዝ ደለሎች ውስጥ ይገኛሉ። በጭልጋ ደለሎች ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካላትም ተገኝተዋል። የአገሪቱ ከሰል በአመዛኙ ከሊግናይት እስከ ሰብ-ቢቱሚነስ ባለው ደረጃ ይመደባል።

በክምችቱ ወቅት ጎርፍ ያስገባው ጭቃና ከእሳተ ገሞራ የወረደው ብናኝ ከከሰሉ ጋር አብሮ ይቀራል፤ ከሰሉ ሲነድም አይቃጠልም፣ አመድ ሆኖ ይተርፋል። ስለሆነም የማዕድን ፈቃድ ጠያቂም ሆነ ገዥ የንብርብሩን ውፍረት ብቻ ተመልክቶ መወሰን አይገባውም። በአንድ ንብርብር ውስጥ እንኳ ጥራቱ ስለሚለያይ፣ ከተለያዩ ስፍራዎችና ጥልቀቶች በተወሰዱ ናሙናዎች እርጥበቱ፣ አመዱ፣ የድኝ መጠኑና የሙቀት ኃይሉ በላቦራቶሪ ሊረጋገጥ ይገባል። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከሰል ለረጅም ጊዜ ተከምሮ ሲቆይ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ አከመቻቸቱም ጥንቃቄን ይሻል።