ከኦሃዮ ምክር ቤት እስከ ኮንጎ ወንዝ

የሕግ ዕውቀትና የምክር ቤት ወንበር ለጭቁኖች ትግል ምን ያህል መሣሪያ ሊሆኑ ይችላሉ? የጥቁር አሜሪካዊው የጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም።

ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1849 በፔንሲልቫንያ ግዛት ቤድፎርድ ስፕሪንግስ በተባለ ስፍራ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ሠራዊት ጋር ሲሰለፍ ዕድሜው ገና 14 ዓመት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርቱን ገፍቶ በ1874 በማሳቹሴትስ ከነበረው የኒውተን የነገረ መለኮት ተቋም በመመረቅ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በቦስተን በሰባኪነት ካገለገለ በኋላ ኑሮውን በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ መሠረተ። በዚያም ቀደም ሲል የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በነበረው በአልፎንሶ ታፍት ቢሮ ሕግ አጠና።

በ1879 ለኦሃዮ ግዛት ምክር ቤት ተመረጠ። በዚያ ምክር ቤት ከእርሱ በፊት የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም። በጥቁርና በነጭ መካከል ጋብቻን የሚከለክለው ሕግ እንዲሻር ቢታገልም አልተሳካለትም፤ ሕጉ የተሻረው እርሱ ከምክር ቤቱ ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ በ1887 ነው። በሌላ በኩል በአቮንዴል የነበረው የጥቁሮች መቃብር እንዲዘጋ የሚያዝ ረቂቅ በማቅረቡ የገዛ ወገኖቹን አስቆጣ። ነጮች ባለርስቶች የሚሹትን በመፈጸሙ የመረጠው ሕዝብ ፊቱን አዞረበት። ለሁለተኛ ጊዜም ለምርጫ አልቀረበም።

ከምክር ቤቱ የወጣው ሰው ግን ብዕሩን አነሣ። ከ1619 እስከ 1880 ያለውን የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚተርክ ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1882 ለኅትመት አበቃ። ለዚህ ሥራ ከ12,000 በላይ መጻሕፍትን እንደመረመረ በመቅድሙ ገልጿል። በኋላም በእርስ በርስ ጦርነቱ ስለተዋጉት ጥቁር ወታደሮች ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። በሁለቱም ሥራዎቹ እንደ ጠበቃ ማስረጃውን እየደረደረ፣ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ የለውም የሚለውን የገዥዎች አባባል ሞገተ።

ትልቁ ክሱ ግን ገና ከፊቱ ነበር። የቤልጅጉን ንጉሥ ሁለተኛውን ሊዮፖልድን በ1889 በብራስልስ አግኝቶ ሲያነጋግር፣ ንጉሡ ስለ ሥልጣኔና ስለ በጎ አድራጎት የተናገረውን አምኖ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ኮንጎን በዓይኑ ለማየት ተጓዘ። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ይገኝበታል በተባለው ምድር ያገኘው በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎችን፣ የተቃጠሉ መንደሮችን፣ በማታለል የተነጠቀ መሬትንና የባሪያ ንግድን ነበር።

ሐምሌ 1890 ከስታንሊ ፏፏቴ ለንጉሡ የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ እንደ ፍርድ ቤት ክስ በቁጥር የተዘረዘረ ነው። በመጨረሻም ጉዳዩን የሚያጣራ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እንዲቋቋም ይጠይቃል። በዚያው ዓመት ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በጻፈው ደብዳቤ የሊዮፖልድን አስተዳደር በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ከሰሰ። ይህ አነጋገር በዓለም አቀፍ ሕግ ተደንግጎ ወንጀለኞች የተዳኙበት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በኑረምበርግ ነው።

የንጉሡ ደጋፊዎች ክሱን በማስረጃ ከማስተባበል ይልቅ የከሳሹን ስም ማጉደፍ መረጡ። ዊልያምስም የክሱን ፍጻሜ ሳያይ ነሐሴ 2 ቀን 1891 በእንግሊዝ አገር በብላክፑል ከተማ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በ1904 የእንግሊዙ ቆንስል የሮጀር ኬዝመንት ሪፖርት ግፉን በይፋ አረጋገጠ፤ በ1908 ሊዮፖልድ የግል ግዛቱን ለቤልጅግ መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። የኮንጎ ሕዝብ ከቅኝ ግዛት ቀንበር የወጣው ግን በ1960 ነበር።

የዊልያምስ መቃብር ለረጅም ዘመን ምልክት አልነበረውም። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጥቁሩ የታሪክ ምሁር ጆን ሆፕ ፍራንክሊን ድንጋይ ያቆመለት በ1975 ነው። በምክር ቤት ወንበሩ ላይ ሳለ የሕዝቡን መቃብር ለማዘጋት የተነሣው ይህ ሰው፣ ምንም ሥልጣን ሳይኖረው ግን ድምፃቸው ለታፈነ ሚሊዮኖች ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። ወንበሩ ያልሰጠውን ኃይል ያገኘው ያየውን መስክሮ፣ የመሰከረውንም በስሙ ፈርሞ ነው።